አፍ እላፊ

ፍራሽ ሸጦ ነው የከበረው፣ ሃርላን ድቮራክ፣ የቡድናችን ጌታ፤
ለሎሬን ሕዝብ እንቅልፍ ያደለ፣ በዱቤ፣ በወር ክፍያ፣ በስጦታ።
ያው ሰውዬ ማለዳ ሬዲዮ ጣቢያ ገብቶ ማይክ ሲጨብጥ፣
ከወደቡ እስከ ብረት ማቅለጫው
አንድ ሰው አይተኛም በደንብ፣ ቢገላበጥ፣ ቢገላበጥ።

ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነዳሁ፤
ሃያ ስድስት ዓመት አሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ፣ ከምሰሶው ጀርባ፣ ተቀመጥሁ።
ቀጥቃጮቹ ሲሸነፉ አይቻለሁ፤
ሽንፈት እንደ ዝናብ ነው፣ ጃንጥላ ይዤ መጠበቅ ለምጃለሁ።
የሱን አፍ ግን
አልለመድሁትም።

ዳኛውን «ዓይንህን ለማን አከራየኸው?» ያለው እሱ ነው።
ቴሬል ባፕቲስትን፣ ሁለት ሜትር የሚሆነውን ወርዋሪ፣
«ተጫዋች አዝዤ የመብራት ምሰሶ ላኩልኝ» ያለው እሱ ነው።
አሠልጣኙን በሰባተኛው ዙር በስልክ አባረረው፤
ምስኪኑ ማስቲካውን እያኘከ ወጣና፣
ትኬት ገዝቶ ከእኛ ጋር ጨረሰው።
ቢራ ሲወደድብን፣ ስናጉረመርም፣
«ውሃ ከፈለጋችሁ ሐይቁ ያውላችሁ፣
እስከ ካናዳ ድረስ ነፃ ነው!»
ስቄያለሁ። ምን እዋሻለሁ?
እየሳቅሁ ከኪሴ አውጥቼ ከፍያለሁ።

ደግሞም ሌሎቹ ባለቡድኖች፣
ጠበቃ የጻፈላቸውን የሚያነቡ፣ ክራቫታቸው የተቃና፣
አንድ ሌሊት በጭነት መኪና
ቡድናቸውን ጭነው ወደ ሞቃት ከተማ ሲሰደዱ፣
እሱ «የምቀበረው ሁለተኛው ቤዝ ሥር ነው» ብሎ ማለ።
ቃሉን አላጠፈም። ይኸው አለ።

ኤልፒዲዮ ሮሳሪዮ ግን፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል የሚቆመው ልጅ፣
ነሐሴ ላይ ቀላል ኳስ፣ ሕፃን የሚይዛት ኳስ፣ አመለጠችው ከእጅ።
በማግስቱ ሬዲዮው፣ «እጁን ቅቤ ቀብተውታል?
ወይስ ልቡን ሳን ፔድሮ ረስቶት መጥቷል?»
የልጁ እናት፣ እዚያው ሳን ፔድሮ፣
በመሣሪያ ነበር የምትተነፍሰው።
ከእጅ የወደቀች ኳስ ትነሣለች፤
ከአፍ የወጣው ግን አፋፍ ነው።

ልጄ ዊነፍሬድ ሬዲዮውን ዘጋች። አንድ ቃል አላሰማችም።
የቀጥቃጮቹን ባርኔጣ ምስማር ላይ ሰቀለች፤ ዳግመኛ አላነሣችም።
አጠገቤ ያለው ወንበር
ከዚያ ወዲህ የኮቴ ነው።

ደብዳቤ ጻፍሁለት፦ «ጌታው፣ ገንዘቡ ያንተ ነው፤
ልጁ ግን የሰው ነው።»
እሑድ ስልኬ ጮኸ። «ጽሑፍህ እንደ ወርዋሪዎቼ ነው፤
የት እንደሚያርፍ አይታወቅም።»
ዝም አልሁ። ዝም አለ።
ያ ሰው ዝም ሲል ሰምቼው አላውቅም።
ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እናቱ መታመሟን አላወቅሁም ነበር» አለና ዘጋ።
ሬዲዮ ላይ ግን ይህችን አላላትም፤
ሰኞም፣ ማክሰኞም ጠበቅሁ፣ በነጋ በነጋ።
ለአንድ ጡረተኛ ሾፌር ምን ይሠራለታል የሌላ ሰው ይቅርታ?
አውቶቡስ ውስጥ እንደተረሳ ጓንት
ባለቤቱ እስኪመጣ ይዤው እዞራለሁ።

ዘንድሮ ሊጉ ቀጣው፤ ሠላሳ ጨዋታ እንዳይናገር።
መስታወቱ ጀርባ ተቀምጧል፣
ከንፈሩን እንደ ፍራሽ ስፌት አጥብቆ።
አራት አሸነፍን፣ ሁለት ተሸነፍን፤
ሜዳው እንደ ባንክ ቤት ጸጥ አለ።

ትናንት ማታ በስምንተኛው ዙር፣ ዳኛው ዓይን ያወጣ ስሕተት ሲሠራ፣
አንድ ሰው ብድግ ብሎ፣ «ዓይንህን ለማን አከራየኸው?» ሲል ጮኸ።
እኔ ነበርሁ።
ረድፉ በሙሉ ሳቀ። ላይ፣ መስታወቱ ጀርባ፣ ድቮራክ አልሳቀም።
ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ብቻ፣ የጥርስ ሽቦ ያሠረች፣ ዞር ብላ አየችኝ፤
ዊነፍሬድ ሬዲዮውን እንዳየችው።
ኮቴን ከወንበሩ አነሣሁት፤
ታቅፌው ተቀመጥሁ።